ሀገር ለመጎብኘት ስትወጡ ሱረቱል ከህፍን ስንቅ አድርጉ

ቢስሚላህ። 



የዕረፍት ጊዜ ሲቃረብ የወጣቱ ወሬ ሁሉ ጉዞ ይሆናል። ተማሪው ከጓደኞቹ ጋር ገንዘብ ያዋጣል። ከሳዑዲ፣ ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ ለዕረፍት የመጣ ዘመድ «የት የት እንሂድ?» ይላል። አዲስ ተጋቢዎች ለጥቂት ቀናት ከከተማ ወጣ ማለት ይፈልጋሉ። ስልካችንን ስንከፍት ደግሞ የኢስታንቡል መስጂዶች፣ የዱባይ ፎቆች፣ የማልዲቭስ ባሕር አንዱ ከአንዱ እየተከተለ ይመጣል። እነዚህን ማየት ክፋት የለውም። ግን ከእኛ መካከል ሐረር ጀጎልን በእግሩ የዞረ ስንት ነው? የሶፍ ዑመርን ዋሻ ያየ፣ የባሌን ተራሮች የወጣ፣ ነጃሺ የደረሰ ስንት ነው?

ዛሬ ስለ ጉዞ እንነጋገር። ያማሩ ቦታዎችን ስም ዘርዝረን አንለያይም። ሙስሊም ሆኖ መጓዝ ምን እንደሚመስል አብረን እንይ።

ጉዞ በዲናችን ምን ቦታ አለው?

አንዳንድ ሰው ጉብኝትን የዱንያ ጨዋታ ብቻ አድርጎ ያየዋል። ቁርኣን ግን ሰዎች በምድር ላይ እንዲሄዱና እንዲመለከቱ ደጋግሞ ያዛል። በሱረቱል ዐንከቡት አንቀጽ 20 ላይ አላህ ፍጥረትን እንዴት እንደጀመረ ለማስተዋል በምድር ላይ እንድንሄድ ታዘናል። በሱረቱል ሐጅ አንቀጽ 46 ላይ ደግሞ በምድር ላይ ሄደው የሚያስተውሉበት ልብ ያላገኙ ሰዎች ይወቀሳሉ፤ የሚታወረው የፊት ዓይን ሳይሆን በደረት ውስጥ ያለው ልብ መሆኑም ይነገረናል።

ይህች ሁለተኛይቱ አንቀጽ ለዘመናችን ተጓዥ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ናት። ዓይኑ ሁሉን አይቶ ልቡ ምንም ሳያይ የሚመለስ ሰው አለ ማለት ነው። አንድ ሺህ ፎቶ ይዞ ይመጣል፤ አንድ «ሱብሓነላህ» ግን ከልቡ አልወጣም። ብሩን ከፍሏል፣ እግሩ ደክሟል፣ ሶላቱ ተበላሽቷል። ይህ ኪሳራ ነው።

እንዳንከስር ምን እናድርግ? መልሱን ከሩቅ አንፈልግ። ዛሬ ጁሙዓ ነው፤ ሱረቱል ከህፍን እንቀራለን። ይህችን ሱራ ከዚህ በፊት በጉዞ ዓይን አይታችኋት ታውቃላችሁ? ውስጧ ያሉት አራቱ ታሪኮች ተጓዥን በቀጥታ የሚመለከቱ ናቸው። ወጣቶች ከከተማቸው ወጥተው ዋሻ ይገባሉ። አንድ ሰው በሁለት የአትክልት ስፍራዎች ውበት ይታለላል። ሙሳ (ዐ.ሰ.) ዕውቀት ፍለጋ ረጅም መንገድ ይሄዳሉ። ዙልቀርነይን ምድርን ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ ያዳርሳል። አራቱን ታሪኮች ይዘን የሀገራችንን አራት አቅጣጫዎች እንመልከት።

1ኛ. ዋሻው፦ ሶፍ ዑመርና ነጃሺ

በባሌ፣ ከሮቤ በስተምሥራቅ በጎሮ በኩል ሲኬድ የሶፍ ዑመር ዋሻ ይገኛል። በሀገራችን ከሚታወቁት ዋሻዎች ሁሉ ረጅሙ ሲሆን ርዝመቱ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሠራው ሰው አይደለም። ከባሌ ተራሮች የሚነሳው የወይብ ወንዝ የኖራ ድንጋዩን ጥቂት በጥቂት እየቦረቦረ ውስጥ ለውስጥ አልፎ የቀረጸው ነው። ከውስጥ የድንጋዩ ምሰሶዎች ጣሪያውን ተሸክመው ሲታዩ ሰው በእጁ ያነጻቸው ይመስላሉ። በአካባቢው ትውፊት መሠረት ስሙን ያገኘው ሼኽ ሶፍ ዑመር ከተባሉ ዐሊም ነው፤ በዋሻው ተጠልለው አላህን ይገዙና ያስተምሩ እንደነበር ይነገራል።

እዚያ ስትቆሙ የከህፍን ወጣቶች አስቡ። ዋሻው የእነርሱ ነው ማለታችን አይደለም። የእነርሱ ታሪክ ግን ዋሻ ባየን ቁጥር ሊታወሰን ይገባል። እነዚያ ወጣቶች ቤትና ምቾት ነበራቸው፤ ዲናቸውን ለማዳን ሲሉ ትተውት ወጡ። ዋሻው ጋ ሲደርሱ መጀመሪያ ያደረጉት ዱዓ ነበር፤ የጌታቸውን እዝነትና ቀናውን መንገድ ለመኑ። እናንተስ አንድ ቦታ ስትደርሱ መጀመሪያ የምታወጡት ስልካችሁን ነው ወይስ እጃችሁን ለዱዓ?

ከዚያ ሌላ ነገር አለ። ከእንቅልፋቸው ነቅተው አንዳቸውን ብር አስይዘው ወደ ከተማ ሲልኩ ንጹሕ ምግብ እንዲፈልግና በለዘብታ እንዲሄድ ነገሩት። ለተጓዥ ከዚህ የበለጠ ምክር የት ይገኛል? በማታውቁት ከተማ ስትገቡ ሥጋው የሙስሊም እርድ መሆኑን ሳታፍሩ በትሕትና ጠይቁ። ካልሆነ ሽሮ አለ፣ በየዓይነቱ አለ፣ አልሐምዱሊላህ። «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ ያልተጣራ መብላትም፣ በሰው ሀገር እንግዳ ሆኖ መቆጣትና ማንጓጠጥም ሁለቱም የእነዚያ ወጣቶች መንገድ አይደለም።

ዲንን ይዞ መሰደድ ሲነሳ ደግሞ ሀገራችን በታሪኩ ውስጥ የራሷ ቦታ አላት። በነብይነት በ5ኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ615፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባልደረቦቻቸውን ወደ ሐበሻ ላኩ። ከተሰደዱት መካከል ዑስማን ኢብን ዐፋን እና ባለቤታቸው፣ የነብዩ ልጅ ሩቅያ (ረ.ዐ.) ነበሩ። በኋላም በጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) የሚመሩ ከ80 በላይ ወንዶችና አብረዋቸው ሴቶች መጡ። ጀዕፈር በንጉሡ ፊት ሱረቱ መርየምን ቀሩ፤ ንጉሡ አለቀሱ፤ ስደተኞቹንም አሳልፈው አልሰጡም። ነጃሺ ሲሞቱ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና ላይ ሆነው የሩቅ ጀናዛ ሶላት እንደሰገዱባቸው ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል።

በትግራይ፣ ከውቅሮ በስተሰሜን ያለችው ነጋሽ ይህንን ታሪክ የምታስታውስ መንደር ናት። መስጂዱ በ2013 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ጉዳት ደርሶበታል። ወደዚያ ስትሄዱ የቆየ ታሪክን ብቻ ሳይሆን የትናንት ቁስልንም ታያላችሁ። ያን ጊዜ ሰላም ምን ያህል ኒዕማ እንደሆነ ይገባችኋል። ለሀገራችሁ ሰላም ዱዓ ሳታደርጉ አትመለሱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለቦታው ቅድስና ሲባል ጓዝ ተጠቅልሎ የሚኬድባቸው መስጂዶች ሦስት መሆናቸውን አስተምረውናል፤ መስጂደል ሐራም፣ የነብዩ መስጂድ እና መስጂደል አቅሷ። ሌሎቹን ታሪካዊ ቦታዎች የምንጎበኘው ለመማር፣ ለማስታወስና አላህን ለማመስገን ነው። በቀብር አጠገብ ስናልፍ ለሟች ዱዓ እናደርጋለን፤ ከሟች ግን አንለምንም። የሚለመነው አላህ ብቻ ነው። ይህን ያወቀ ሰው የትም ሄዶ ታሪክን ቢያይ ዐቂዳው አይናወጥም።

2ኛ. የአትክልቱ ባለቤት፦ የባሌ ተራሮች

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከጎባ ተነስታችሁ ወደ ሳነቴ ስትወጡ ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 4,000 ሜትር ይደርሳል። የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ነው፤ ስሙ በአፋን ኦሮሞ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። ሱረቱ ፋጢር አንቀጽ 27 ላይ አላህ በተራሮች ላይ ስላሉት ነጭና ቀይ ልዩ ልዩ መስመሮች ይነግረናል፤ እዚያ ቆሞ ይህንን አንቀጽ የሚያስታውስ ሰው ምን ያህል ታድሏል!

በዚያ ብርድ ውስጥ ቀይ ቀበሮ ይኖራል። በዓለም ላይ ከሀገራችን በቀር የትም የለም። የቀረው ቁጥሩ ወደ 500 ገደማ ብቻ ነው የሚባለው፤ ከዚያም ከግማሽ በላይ የሚሆነው ባሌ ውስጥ ነው። የደጋ አጋዘንም አለ። ከሳነቴ ወርዳችሁ ወደ ዶሎ መና አቅጣጫ ስትሄዱ ደግሞ ብርዱ ቀርቶ የሐረና ጥቅጥቅ ደን ይቀበላችኋል፤ በደኑ ውስጥ ቡና እንደ ዱር ተክል ይበቅላል። ከእነዚህ ተራሮች የሚነሳው ውሃ ሶፍ ዑመርን ቀርጾ፣ ቆላውን አጠጥቶ እስከ ሶማሊያ ድረስ ይወርዳል። አንድ ተራራ ላይ የወረደ ዝናብ ስንት ሺህ ሰው፣ ስንት ግመል፣ ስንት ፍየል እንደሚያጠጣ አስቡት። ሱብሓነላህ!

አሁን ወደ ሱራዋ እንመለስ። አላህ ለአንድ ሰው ሁለት የወይን አትክልቶች ሰጠው። ዙሪያቸውን በቴምር ዛፍ ከበባቸው፤ በመካከላቸው አዝመራ አደረገ፤ ወንዝም አፈሰሰ። እንግዲህ ይህ የውበት ሥፍራ ነው፤ ዛሬ ቢሆን ፎቶ የሚነሱበት። ሰውዬው ግን ያንን ሁሉ አይቶ ለጓደኛው «እኔ ካንተ እበልጣለሁ» ወደሚል ንግግር ገባ። ጓደኛውም ያንን ውበት ስታይ የአላህን ፈቃድና ኃይል ብታወሳ ምን ነበረበት ሲል መከረው። አልሰማም። አትክልቱ ጠፋ፤ እጁን እያገላበጠ ቀረ።

ይህ ታሪክ ስለ ሀብታም ገበሬ ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን በውብ ቦታ ቆሞ «እዩኝ» ማለት የዛሬው የእኛ ፈተና ነው። ፎቶ ማንሳት ሐራም ነው እያልን አይደለም፤ በዚህ ጉዳይ ዑለማዎች የሚሉትን ከምታምኗቸው ዐሊም ጠይቁ። ጥያቄው ሌላ ነው። ያ ፎቶ ሲለጠፍ የሚናገረው ስለ ማን ነው? ስለ ሠሪው ነው ወይስ ስለ ተነሺው? መሄድ ያልቻለ ጓደኛችሁ ሲያየው «አላህ እንዴት ድንቅ ነው» ይላል ወይስ «እኔ ምን ጎደለኝ» ብሎ አንገቱን ይደፋል? ልብን ለመፈተን ቀላል መንገድ አለ። አንድ ውብ ቦታ ስትደርሱ ለጥቂት ደቂቃ ስልኩን ኪስ ውስጥ አስቀምጡት። ተቀመጡ። ዝም በሉ። ዚክር አድርጉ። ማንም ያላየላችሁ፣ ማንም «ላይክ» ያላደረገላችሁ፣ በእናንተና በጌታችሁ መካከል የቀረ አንድ ደቂቃ ይኑራችሁ። ይህን ማድረግ ከከበዳችሁ፣ የሄዳችሁት ለማየት ሳይሆን ለመታየት ነበር።

ስለ አትክልት ስናወራ ቆሻሻንም እንጥቀስ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከመንገድ ላይ የሚያስቸግርን ነገር ማንሳት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን አስተምረዋል። ታዲያ ባዶ ሃይላንድና የብስኩት ላስቲክ ተራራው ላይ ጥሎ መሄድ ምን ይባላል? ከእናንተ ጋር አንድ ፌስታል ያዙ። የራሳችሁን ሰብስቡ፤ ከቻላችሁ የሌላውንም ጨምሩ። ሙስሊም ወጣቶች ከርመው የሄዱበት ቦታ ከነበረው ጸድቶ መገኘቱ ራሱ ዳዕዋ ነው።

3ኛ. ሙሳና ዕውቀት ፍለጋ፦ ሐረር

ሙሳ (ዐ.ሰ.) ነብይ ናቸው፤ አላህ ያናገራቸው ናቸው። ከእርሳቸው ዘንድ የሌለ ዕውቀት የተሰጠው የአላህ ባሪያ መኖሩን ሲሰሙ ግን ተነሱ። ዕድሜ ልክ ቢፈጅም እንደሚሄዱ ወሰኑ። ደከሙ፤ ተራቡ፤ የሚፈልጉትን ቦታ አልፈው ተመለሱ። ሲያገኙት ደግሞ በትሕትና «ልከተልህ?» ብለው ጠየቁ። ለእኛ የሚሆነው ትምህርት ይህ ነው፦ መንገደኛ ሁሉ ተማሪ ነው፤ የሚያገኘው ሰው ሁሉ እርሱ የማያውቀውን አንድ ነገር ያውቃል።

ይህንን ይዛችሁ ሐረር ግቡ። ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ግንቡን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው፤ አምስት ጥንታዊ በሮችም አሉት። ዩኔስኮ እንደመዘገበው በከተማዋ 82 መስጂዶች ይገኛሉ፤ ሦስቱ ከ10ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የነበሩ ናቸው። ይህን ቁጥር ቆም ብላችሁ አስቡት። በእግር ዞሮ በሚጨረስ ከተማ ውስጥ ይህን ያህል መስጂድ የሚሠራ ሕዝብ ሶላት በሕይወቱ ውስጥ ምን ቦታ ነበራት? አባትና ልጅ፣ ነጋዴና ተማሪ፣ ከቤታቸው ወጥተው ጥቂት ሳይራመዱ ጀማዓ ያገኙ ነበር።

የሐረር ሰዎች ከተማቸውን «ጌይ» ይሏታል፤ በቋንቋቸው ከተማ ማለት ነው። የሐረሪ ቤት ስትገቡ ደረጃ በደረጃ ከፍ እያሉ የሚሄዱ ነደባዎችን፣ በግድግዳው ላይ የተደረደሩትን የእናቶች የስፌት ሥራዎች ታያላችሁ። በሸሪፍ ሙዚየም በእጅ የተጻፉ ጥንታዊ ቁርኣኖችና ኪታቦች ተቀምጠዋል። እያንዳንዱ ገጽ በቀለምና በብዕር፣ ፊደል በፊደል የተጻፈ ነው። እኛ ቁርኣን በስልካችን ይዘን እንዞራለን፤ ስንት ቀን ሳንከፍተው ያልፋል?

ብዙ ጎብኚ ሐረር ሄዶ የሚተርከው ስለ ጅብ ማብላት ነው። እርሱንም እዩ፤ የአላህ ፍጥረት ነው። ግን በዚያ ብቻ አትመለሱ። ጁሙዓ ቀን ከሆነ ቀደም ብላችሁ መስጂድ ግቡ። አንድ ሽማግሌ አባት ጎን ተቀመጡና ልጅ ሳሉ ቁርኣን እንዴት እንደቀሩ ጠይቋቸው። አንዲት እናት ስፌቷን ለመጨረስ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅባት ጠይቁ። በሱረቱ ሩም አንቀጽ 22 ላይ የቋንቋችንና የመልካችን መለያየት ከአላህ ተአምራት እንደሆነ ተነግሮናል። ይህን ተአምር ፎቶ አያሳይም፤ ቁጭ ብሎ መጨዋወት ነው የሚያሳየው። የሌላውን ብሔር ቋንቋ ጥቂት ቃል ተምሮ፣ እንጀራውን ወይም ገንፎውን በልቶ፣ ተመርቆ የተመለሰ ወጣት በዘር ጥላቻ ወሬ በቀላሉ አይነዳም። ዛሬ ሀገራችን እንዲህ ያለ ወጣት ምን ያህል እንደምትፈልግ እናንተ ታውቃላችሁ።

4ኛ. ዙልቀርነይን፦ የአፋር ምድር

ዙልቀርነይን አላህ በምድር ላይ ያስመቸው ሰው ነበር። በጉዞው ከፀሐይ የሚከለላቸው መጠለያ የሌላቸው ሕዝቦች ዘንድ ደረሰ። ከዚያም በሁለት ተራሮች መካከል ንግግር ለመረዳት የሚቸገሩ ሰዎችን አገኘ። ከወራሪ እንዲታደጋቸው ለመኑት፤ ክፍያም ሊሰጡት አሰቡ። እርሱ ግን ጌታው የሰጠው እንደሚበልጥ ነግሯቸው፣ በጉልበት ብቻ እንዲያግዙት አድርጎ ግድቡን ሠራላቸው። ሲጨርስም «ይህ ከጌታዬ እዝነት ነው» አለ እንጂ ስሙን አላስጠራበትም።

ዳናኪል የወረደ ሰው ስለ ፀሐይ ብዙ ይናገራል። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው፤ በምድራችን ላይ እጅግ ሞቃት ከሆኑት ቦታዎች አንዱ ነው። ቢጫ፣ አረንጓዴና ብርትኳናማ ሆኖ የሚፈላው ውሃ፣ እስከ ዓይን ዳርቻ የተዘረጋው ነጭ ጨው፣ በኤርታ አሌ ከምድር ሆድ የሚታየው እሳት ሰውን ዝም ያሰኛል። እሳቱን ያየ ሙእሚን ከሙቀቱ ሸሽቶ ወደ ኋላ ሲል የአኺራን እሳት ሳያስታውስ እንዴት ያልፋል?

ግን እዚያ ከእሳቱ የበለጠ ሊታይ የሚገባው ሰው ነው። የጨው ቆራጮች በዚያ ፀሐይ ሥር ጨዉን እየፈለጡ፣ እየጠረቡ በግመል ይጭናሉ። ያ ጨው በአሞሌ መልክ ለብዙ ዘመን በሀገራችን እንደ ገንዘብ ሲያገለግል ኖሯል። ዛሬም ሰዎች በዚያ ላብ ቤተሰብ ያስተዳድራሉ። በሱረቱል ጋሺያ አላህ ግመል እንዴት እንደተፈጠረች እንድንመለከት ይጋብዘናል፤ ጭነቷን ተሸክማ በዚያ ሙቀት ተሰልፋ ስትሄድ ያየ ሰው ለምን እንደተጋበዘ ይገባዋል።

ታዲያ እኛ በእነዚህ ሰዎች ፊት እንደ ዙልቀርነይን ነን ወይስ እንደ ተመልካች ብቻ? ሰው ሲሠራ ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ፤ ድህነቱን የቲክቶክ ማድመቂያ አታድርጉት። አስጎብኚው፣ ሾፌሩ፣ ግመል ነጂው የተስማማችሁበትን ዋጋ ሳይቆራረጥ ይከፈለው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ እንዲሰጥ ማዘዛቸው ተዘግቧል። ከአዲስ አበባ ለአንድ ማኪያቶ የማትከራከሩትን ገንዘብ ከአንዲት የገጠር እናት ዕቃ ላይ ለመቀነስ ግማሽ ሰዓት አትከራከሩ። የተረፋችሁ ውሃና ምግብ ካለ አካፍሉ፤ ሰደቃ ነው።

የተጓዥ ሶላት፦ መታወቅ ያለባቸው ነገሮች

በጉዞ ላይ መጀመሪያ የምትጎዳው ሶላት ናት። አላህ ግን ለመንገደኛ አቅልሎለታል፤ ማቅለሉን መጠቀም ሱና ነው፤ መተው ግን አልተፈቀደም።

• ቀስር፦ ዙህር፣ ዐስርና ዒሻእ ከአራት ረከዓ ወደ ሁለት ያጥራሉ። ፈጅርና መግሪብ አያጥሩም። የብዙ ዑለማዎች መለኪያ ወደ 80 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ጉዞ ነው፤ ማሳጠር የሚጀመረውም ከመኖሪያ ከተማ ከወጡ በኋላ ነው።

• ጀምዕ፦ በሻፊዒይ መዝሀብ መንገደኛ ዙህርን ከዐስር፣ መግሪብን ከዒሻእ ጋር አንድ ላይ መስገድ ይችላል። በሐነፊይ መዝሀብ ግን ከሐጅ ሥርዓት ውጪ እያንዳንዱ በወቅቱ ይሰገዳል። የየትኛውን እንደምትከተሉ ከመነሳታችሁ በፊት ኡስታዛችሁን ጠይቁ።

• የቆይታ ጊዜ፦ አንድ ቦታ ለመቆየት ካሰባችሁ ቀስር የሚቋረጥበት ገደብ አለ። በሻፊዒይ ከመግቢያና ከመውጫ ቀን ውጪ 4 ቀን፣ በሐነፊይ 15 ቀን ነው።

• ተየሙም፦ ውሃ በማይገኝበት ወይም ያለው ለመጠጥ ብቻ በሚበቃበት ቦታ በንጹሕ አፈር ተየሙም ይደረጋል። ዳናኪል ለሚወርድ ይህ ሕግ በተግባር ያስፈልገዋል።

• ቂብላ፦ ከኢትዮጵያ መካ ወደ ሰሜን ናት። ስልካችሁ ኔትወርክ ባይኖረውም ፀሐይ የወጣችበትን ምሥራቅ በቀኛችሁ ካደረጋችሁ ፊታችሁ ወደ ሰሜን ነው።

• መኪና፦ ከሾፌሩ ጋር ሳትነሱ ተነጋገሩ። «ዐስር ላይ ለአሥር ደቂቃ ቁምልን» ማለት ከመነሻው ቀላል ነው፤ መንገድ ላይ ግን ጭቅጭቅ ይሆናል።

ከዚህ ሌላ የመንገድ ዱዓ አትርሱ። ሰሓባዎች ዳገት ሲወጡ «አላሁ አክበር»፣ ቁልቁለት ሲወርዱ «ሱብሓነላህ» ይሉ እንደነበር ጃቢር (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል። የሀገራችን መንገድ ዳገትና ቁልቁለት ነውና ይህችን ሱና የምንሠራበት ዕድል ሞልቶናል። ሦስት ሆናችሁ ከወጣችሁ አንዱን አሚር አድርጉ፤ ነብያዊ ምክር ነው፤ በመንገድ ላይ ከሚነሳ ጭቅጭቅም ያድናል። የመንገደኛ ዱዓ ደግሞ ተቀባይነት ካላቸው ዱዓዎች አንዱ ነውና ረጅም መንገድ ስትሄዱ ከዘፈን ይልቅ ለወላጆቻችሁ ዱዓ አድርጉ።

ከመነሳታችሁ በፊት

ራሳችሁን አራት ነገር ጠይቁ። ዕዳ አለብኝ? ሰው የሚጠብቀው ብር በእጃችሁ እያለ ሽርሽር መውጣት የሰው ሐቅ መያዝ ነው። ወላጆቼ ያውቃሉ? ሳታስፈቅዱ፣ ዱዓቸውን ሳትቀበሉ አትውጡ። ከማን ጋር ነው የምሄደው? በዲኑ የሚያግዛችሁን ምረጡ፤ ወንድና ሴት ተደባልቆ የሚኬድ «ትሪፕ» የሐያእን በር ይከፍታልና ራቁ። እህቶች፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያዘዙት መሕረም ለክብራችሁ ነውና ከአባት፣ ከወንድም ወይም ከባል ጋር ውጡ፤ ወንድሞችም እህቶቻችሁን «ቤት ተቀመጪ» ብቻ ከማለት ይዛችኋቸው ሂዱ። መንገዱ ሰላም ነው? ወቅታዊውን ሁኔታ የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። ሰላም የሌለበትን መንገድ በግትርነት መድፈር ተወኩል አይባልም። ሶፍ ዑመርንም በክረምት ወንዙ በሚሞላበት ጊዜ ሳይሆን በበጋ፣ የአካባቢውን አስጎብኚ ይዛችሁ ግቡ። ዳናኪል ያለ አካባቢው ሰው መውረድ ነፍስን ለአደጋ መስጠት ነው።

መሄድ የማትችሉም አላችሁ። ብር የለም፤ ወይም እናት ታማለች፤ ወይም ሥራ አይለቅም። አትዘኑ። የታመመች እናቱን የሚያስታምም ልጅ ያለበት ቦታ ከሳነቴ ጫፍ ከፍ ያለ ነው። ሰማይ በሁላችን ላይ ነው፤ ፈጅር ሰግዳችሁ በር ላይ ቆማችሁ ጎህ ሲቀድ ያየ ዓይን፣ ልብ ካለው፣ ይበቃዋል።

የሄዳችሁ ደግሞ ስትመለሱ ለቤተሰብ ቶሎ ተመለሱ። ጉዳዩን የጨረሰ መንገደኛ ወደ ቤተሰቡ እንዲፋጠን ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መክረዋል። ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ራሳችሁን መርምሩ። ስሄድ ከነበረኝ ኢማን ስመለስ ያለኝ ጨምሯል? አንድ ሶላት ጎደለብኝ? አንድ ሰው አስቀየምኩ? ለአንድ ሰው ጠቀምኩ? የጉዞ ሒሳብ እንዲህ ነው የሚዘጋው።

ዛሬ ሱረቱል ከህፍን ስትቀሩ አራቱን መንገደኞች በሐሳብ ተከተሏቸው። ወጣቶቹ ለዲናቸው ወጡ። ሙሳ ለዕውቀት ወጡ። ዙልቀርነይን በአቅሙ ሰውን አገዘ። የአትክልቱ ባለቤት ብቻ ከበሩ ሳይርቅ በገዛ ውበቱ ጠፋ። ቀጣዩ ጉዟችሁ ከየትኛው ጋር እንዲቆጠር ትፈልጋላችሁ? ኒያችሁን ከአሁኑ አስተካክሉ።

አላህ ሆይ! የሚያይ ዓይን ብቻ ሳይሆን የሚያስተውል ልብ ስጠን። ለሀገራችን ሰላም፣ ለመንገደኞቻችን በሰላም መመለስን ወፍቅ። በነብያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ሶላትና ሰላም አውርድ። አሚን።

ዛሬ ጁሙዓ ነውና ሶለዋት አብዙ። ለጉዞ ለሚዘጋጅ ወዳጃችሁም ይህንን አካፍሉት፤ በአላህ ፈቃድ የአጅሩ ተካፋይ ትሆናላችሁ።

ወላሁ አዕለም።